የሕፃናት ሳንባ ዕድገት በሕክምና ምስል፦ አጭር ታሪካዊ ዳሰሳ

መግቢያ

የሕፃን ዕድገት የሚታወቅባቸው መለኪያዎች ለጤና ባለሙያ ሁሉ የተለመዱ ናቸው። ክብደት በሚዛን፣ ቁመት በመለኪያ ሰሌዳ፣ የራስ ዙሪያ በሜትር ይለካል፤ ውጤቱም በዕድገት መከታተያ ካርድ ላይ ይሰፍራል። ሳንባ ግን በጎድን አጥንቶች ተከልሎ፣ ከዓይን ተሰውሮ የሚያድግ አካል በመሆኑ እንደ ቁመትና እንደ ክብደት በቀላሉ አይለካም። የትንፋሽን መጠን የሚለካው መሣሪያ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ቢታወቅም፣ ሕፃኑ ታዝዞ በኃይል መተንፈስ እስኪችል ድረስ፣ ማለትም አምስት ወይም ስድስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ እምብዛም አያገለግልም። ሳንባ እጅግ ፈጥኖ የሚያድገው ደግሞ በእነዚሁ የመጀመሪያ ዓመታት ነው።

ስለዚህ በሕይወት ያለ ሕፃን ሳንባ እንዴት እንደሚያድግ ለማወቅ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ የተደረገው ጥረት በአብዛኛው የሕክምና ምስል ታሪክ ሆኗል። ይህ ታሪክ ሁለት ነገሮች እርስ በርሳቸው ሲጋፉ ያሳያል። በአንድ በኩል የጤናማው ዕድገት መልክ ሳይታወቅ ምስልን መተርጎም ሕፃናትን ለጉዳት ዳርጓል። በሌላ በኩል የጤናማውን መልክ ለማወቅ ጤናማ ሕፃናትን ደጋግሞ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ደጋግሞ ማንሣት ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። በዚህ ጽሑፍ የታሪኩ ዋና ዋና ምዕራፎችና ለዛሬው የጤና ባለሙያ የሚሰጡት ትምህርት ባጭሩ ይቀርባሉ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የራጅ መገኘትና የመጀመሪያው ስሕተት

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዊልሄልም ሮንትገን በቩርትስቡርግ ከተማ ኅዳር 8 ቀን 1895 ያልታወቀ ጨረር መኖሩን ተገነዘበ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የባለቤቱን እጅ አጥንቶች በፊልም ላይ አሳየ፤ በ1901ም የመጀመሪያውን የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አዲሱ መሣሪያ በወራት ውስጥ በሆስፒታሎች ሥራ ላይ ውሎ የተሰበረ አጥንትንና በሰውነት ውስጥ የተቀረቀረ ባዕድ ነገርን ለማግኘት ሲያገለግል፣ ብዙም ሳይቆይ የደረት ምርመራም ተጀመረ።

የሕፃናት ደረት በፊልም ላይ መታየት ሲጀምር ግን ሐኪሞች ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ከልብ በላይ፣ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል፣ አንዳንድ ጊዜም በሳንባው ላይ እንደ ጀልባ ሸራ ተዘርግቶ የሚታይ ሰፊ ጥላ አገኙ። ይህ ጥላ የታይመስ እጢ ነበር። ዛሬ ማንኛውም የሕፃናት ሐኪም ይህ እጢ በጨቅላነት ዕድሜ ከደረቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ መሆኑን፣ ዕድሜ እየገፋ ሲሄድም በአንጻሩ እያነሰ እንደሚሄድ ያውቃል። በዚያን ዘመን ግን ጤናማው መጠን ስንት እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም።

አለማወቁ የራሱ ምክንያት ነበረው። ለሥነ አካል ትምህርት የሚቀርቡት የሕፃናት አስከሬኖች በአብዛኛው በድህነት፣ በረሃብና በረጅም ሕመም የሞቱ ልጆች ነበሩ። የታይመስ እጢ በረሃብና በሕመም ጊዜ በፍጥነት እንደሚሟሽሽ ባለመታወቁ፣ በእነዚህ አስከሬኖች ላይ የታየው ትንሽ እጢ እንደ ጤናማ መጠን ተወሰደ። በድንገት የሞተ ደህና የነበረ ሕፃን ሲመረመር ደግሞ እጢው ተልቆ ተገኘ፤ ለሞቱም ምክንያት የእጢው መተለቅ ነው ተባለ። በ1889 የቪየናው ሐኪም ፓልታውፍ ይህንን አስተሳሰብ የበሽታ ስም ሰጥቶት ስለነበር፣ ራጅ በመጣ ጊዜ በፊልም ላይ የታየው ሰፊ ጥላ የዚያ በሽታ ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ።

መፍትሔው ከምርመራው መሣሪያ ራሱ ተፈለገ። በ1907 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ ፍሪድላንደር የተባለ ሐኪም ተለቀ የተባለን የታይመስ እጢ በጨረር ማሟሸሽ እንደሚቻል አሳወቀ። ጨረር በእርግጥም እጢውን ያሟሽሸዋል፤ ስለዚህ ሕክምናው የሠራ መሰለ። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርተ ዓመታት በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት፣ አንዳንዶቹም አንዳች የሕመም ምልክት ሳይኖራቸው ለመከላከያ በሚል ብቻ፣ አንገታቸውና ደረታቸው ለጨረር ተጋለጠ።

ጥርጣሬ ያደረባቸው አልጠፉም። በብሪታንያ ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመ ኮሚቴ የሰበሰበው መረጃ ተተንትኖ በ1931 ሲወጣ፣ ይህ በሽታ ስለ መኖሩ ማስረጃ አለመገኘቱ ተገለጸ። በኒው ዮርክ የሕፃናት ራጅ ሕክምናን በትምህርት ዘርፍነት ካቆሙት አንዱ የሆነው ጆን ካፊ፣ በ1945 ባሳተመው የሕፃናት የራጅ ምርመራ መጽሐፍ የታይመስን በጨረር መታከም አጥብቆ ተቃወመ። የጥላው ስፋት ሕፃኑ ሲተነፍስና ሲያለቅስ እንደሚለዋወጥ፣ አየር ባስወጣበት ቅጽበት የተነሣ ፊልም ጤናማውን እጢ የተለቀ እንደሚያስመስለው ግልጽ እየሆነ መጣ።

ዋጋው የታወቀው ግን ሕፃናቱ ካደጉ በኋላ ነው። በ1950 ደፊና ፊትዝጀራልድ የታይሮይድ እጢ ካንሰር የያዛቸውን 28 ልጆችና ወጣቶች ታሪክ ሲመረምሩ፣ ሲሶ የሚሆኑት በጨቅላነታቸው ለታይመስ በሚል ጨረር እንደተሰጣቸው አገኙ። በ1955 ሲምፕሰን፣ ሄምፕልማንና ፉለር ጨረር የተሰጣቸውን ሕፃናት ተከታትለው ግንኙነቱን አጠናከሩት። ጤናማ የሆነውን የሕፃን ደረት በሽታ ነው ብሎ ማንበብ ለአንድ ትውልድ ልጆች ካንሰር አተረፈ።

ጤናማ ሕፃናትን በተከታታይ ማንሣት

ስሕተቱ እንዳይደገም የጤናማው ሕፃን ደረት በየዕድሜው ምን እንደሚመስል መታወቅ ነበረበት። ለዚህ ከተደረጉት ጥረቶች ሁሉ ሰፊው በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ከተማ፣ የሕፃናት ምርምር ምክር ቤት በተባለ ተቋም ተካሄደ። ተቋሙ ጤናማ ልጆችን ከልደት ጀምሮ መዝግቦ እስከ ጉልምስና ድረስ ይከታተል ነበር፤ ቁመታቸውን፣ ክብደታቸውን፣ አመጋገባቸውንና ሕመማቸውን ይመዘግብ ነበር፤ በተወሰነ ጊዜም ራጅ ያነሣቸው ነበር። ማሪዮን ማሬሽ የተባለች ሐኪም ከእነዚህ ተከታታይ ፊልሞች የልብን ጥላ ከደረት ስፋትና ከሰውነት ዕድገት ጋር በማነጻጸር ጥናቷን በ1948 አወጣች። የረጃጅም አጥንቶችን ዕድገት የሚያሳዩት መለኪያዎቿም እስካሁን በማጣቀሻነት ያገለግላሉ።

የዚህ ሥራ ልዩ ጥቅም ያው ልጅ ራሱ ተደጋግሞ መታየቱ ነው። የተለያዩ ልጆችን በአንድ ቀን አንሥቶ አማካይ ማውጣት የዕድገትን መነሻና መድረሻ ያሳያል እንጂ የእያንዳንዱን ልጅ ጉዞ አያሳይም። አንዱ ልጅ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ በጉርምስና የዕድገት ግስጋሴ ውስጥ ስለሚገባ፣ አማካዩ የሁለቱንም እውነት ይሸፍናል።

ቀጥሎ ብሪታንያ ውስጥ የራጅ ሐኪሙ ጆርጅ ሳይመን፣ የሥነ ደዌ ሊቋ ሊን ሪድና በልጆች ዕድገት ጥናት ስመ ጥር የሆነው ጄምስ ታነር ከባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን በ1972 አንድ ጠቃሚ ጽሑፍ አቀረቡ። ጽሑፉ ከ5 እስከ 19 ዓመት ባለው ዕድሜ የልብ ስፋት፣ የሳንባ ወርድና የሳንባ ርዝመት በደረት ፊልም ላይ እንዴት እንደሚጨምር ለሕክምና ሥራ በሚያመች ሠንጠረዥና መስመር ያሳያል። ሐኪሙ ማስመሪያ ይዞ ፊልሙን ለክቶ የልጁን ሳንባ ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ለማስተያየት የቻለው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ጥናት ዛሬ በዚያው መልክ ሊደገም አይችልም። ጤናማን ልጅ ለራሱ ለማይጠቅመው ምርመራ በየጊዜው ለጨረር ማጋለጥ የዘመኑ የምርምር ሥነ ምግባር አይፈቅደውም። የዴንቨር ልጆች የተነሡት የአነስተኛ ጨረር አደጋ ገና በቅጡ ባልተመዘነበት ዘመን ነው። ዛሬ የሕፃንን ልብና ሳንባ መጠን በልበ ሙሉነት የሚያነብ ባለሙያ፣ ዕውቀቱ በከፊል እነዚያ ልጆች ከከፈሉት የተገኘ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ስንት የአየር ከረጢት? የአንድ ክርክር ታሪክ

ፊልም የሳንባን ዙሪያ እንጂ ውስጣዊ አሠራሩን አያሳይም። ሳንባ ሲያድግ ቀድሞ የነበሩት ከረጢቶች ይሰፋሉ ወይስ አዳዲስ ከረጢቶች ይጨመራሉ የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ መልስ የተፈለገለት ከሬሳ ምርመራ ነው። ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። አልቪዮላይ የሚባሉት የአየር ከረጢቶች ቁጥራቸው በሁለት ዓመት የሚያበቃ ከሆነ፣ ከዚያ በፊት በበሽታ የጠፋው አይተካም፤ እስከ ጉርምስና የሚቀጥል ከሆነ ግን የተጎዳው ልጅ የማገገሚያ ጊዜ አለው ማለት ነው።

የእንግሊዙ ዳኒል በ1962 ባወጣው ጥናት፣ አንድ ሕፃን ሲወለድ 20 ሚሊዮን ያህል ከረጢቶች እንዳሉት፣ ስምንት ዓመት ሲሞላውም ወደ 300 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ገመተ። ሊን ሪድ በ1967 ባስቀመጠቻቸው የሳንባ ዕድገት ሕጎችም የብሮንካይ ቅርንጫፎች ገና በጽንስነት በ16ኛው ሳምንት ተሟልተው እንደሚገኙ፣ ከረጢቶቹ ግን በአብዛኛው ከልደት በኋላ እንደሚበዙ ተገለጸ። ተርልቤክ በ1982 ባቀረበው ሥራ ደግሞ የከረጢቶቹ መብዛት በአብዛኛው በሁለት ዓመት ዕድሜ እንደሚያበቃ አመለከተ፤ የስዊዘርላንዶቹ ዜልትነርና ቡሪ በ1987 ያወጡት ጥናትም ወደዚሁ አዘነበለ። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አንዱ ሁለት ዓመት፣ ሌላው ስምንት ዓመት ሲል የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

የሬሳ ምርመራ ትልቁ ጉድለት ግልጽ ነው። የሞተ ልጅ ሳንባ አንድ ጊዜ ብቻ ይታያል፤ ነገ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር አይናገርም። ለጥናት የሚገኙትም ጥቂቶች ናቸው፤ ከሞታቸው በፊት የነበራቸው ሕመም ሳንባቸውን ለውጦት ሊሆን ይችላል። በታይመስ እጢ ላይ የተፈጸመው ስሕተት ምንጩ ይኸው ነበር።

ማደግ ያቆመ ሳንባ በፊልም ላይ

ራጅ የከረጢቶችን ቁጥር ባያሳይም፣ የዕድገት መቆም ምን እንደሚመስል ግን ቀድሞ አሳይቷል። በ1953 ስዋየርና ጄምስ፣ በ1954 ደግሞ ማክሊዮድ አንዱ ሳንባ ከሌላው ይልቅ ጠቁሮ የሚታይበትን ፊልም ገለጹ። የጠቆረው ሳንባ የደም ሥሮቹ የሳሱ፣ መጠኑም ከወዲያኛው ያልበለጠ ወይም ያነሰ ነበር። ከሕሙማኑ መካከል ጎልማሶች ይገኙባቸዋል፤ አንዳንዶቹ ለሌላ ምክንያት ፊልም እስኪነሡ ድረስ ሕመም መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር። ሪድና ሳይመን በ1962 እንዳስረዱት፣ የዚህ መነሻ ሳንባው ገና በማደግ ላይ እያለ በልጅነት ያገኘው ኢንፌክሽን ነው። ኢንፌክሽኑ ጥቃቅን የአየር ቧንቧዎችን ሲደፍን ከእነርሱ በታች ያለው ክፍል ከረጢት ማብዛቱን ያቆማል፤ ወዲያኛው ሳንባ ማደጉን ይቀጥላል። በሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ፊልም ላይ የሚታየው ልዩነት የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ያለፈ ሕመም አሻራ ነው ማለት ነው።

ከዚህ በላይ ሰፊ ተጽዕኖ ያሳደረው በ1967 ከአሜሪካ ስታንፎርድ የወጣው ጥናት ነው። ዊሊያም ኖርዝዌይ የተባለው የራጅ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ያለጊዜያቸው ተወልደው በጽኑ የመተንፈስ ችግር ምክንያት ብዙ ኦክስጅንና የመተንፈሻ መሣሪያ የተሰጣቸውን 32 ሕፃናት ፊልሞች በቅደም ተከተል መረመረ። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ከአንድ ወር በላይ እስከሚዘልቀው ጊዜ ድረስ ያለውን ለውጥ በአራት ደረጃ ከፈለው፤ በመጨረሻው ደረጃ የጠቆሩ ክብ ክፍሎችና ነጫጭ ክሮች ተቀላቅለው ይታያሉ። ብሮንኮፐልሞናሪ ዲስፕላሲያ የተባለው በሽታ እንዲህ ታወቀ። በሽታው የታወቀው ከአንድ ፊልም አይደለም፤ የአንዱን ሕፃን ፊልሞች በተርታ ደርድሮ ከማየት ነው። ግኝቱም ሕይወት ያተረፈው ሕክምና ራሱ ሳንባን እንደሚጎዳ ስላሳየ፣ ኦክስጅንና ግፊት በልክ እንዲሰጥ ምክንያት ሆነ።

ሕክምናው ሲሻሻል በሽታው መልኩን ለወጠ። በእናቲቱ በኩል የሚሰጠው ስቴሮይድና ሰርፋክታንት የተባለው መድኃኒት ከተስፋፉ በኋላ፣ ከበፊቶቹ ይልቅ በጣም ቀድመው የተወለዱ ሕፃናት መትረፍ ጀመሩ። በእነዚህ ሳንባ ላይ ጎልቶ የታየው ጠባሳ ሳይሆን የዕድገት መቋረጥ ነው፤ ከረጢቶቹ ጥቂትና ሰፋፊ ሆነው ይቀራሉ። ጆብ በ1999 ይህንን አዲሱ ዓይነት ሲል የሰየመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሲቲ ስካንና የጨረር ጥያቄ

በጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የተሠራው ሲቲ ስካን ለመጀመሪያ ጊዜ በ1971 በሕመምተኛ ላይ ዋለ፤ ሃውንስፊልድና አለን ኮርማክም በ1979 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። መሣሪያው ሳንባን በቀጫጭን ሽፋን ስለሚያሳይ፣ የሳንባውን ይዘትና እፍጋት በቁጥር ለመለካት አስቻለ። ከእፍጋቱ የሕብረ ሕዋሱ ክብደትና በውስጡ ያለው አየር ተነጥለው ይሰላሉ። የሕፃን ሳንባ ከዕድሜ ጋር እየሳሳ፣ ማለትም የአየሩ ድርሻ ከሕብረ ሕዋሱ ይልቅ እየጨመረ እንደሚሄድ በዚህ መንገድ በሕይወት ባሉ ልጆች ላይ ታየ።

ነገር ግን የጥንቱ ጥያቄ በአዲስ መልክ ተመለሰ። አንድ የፊት ለፊት የደረት ራጅ ለአዋቂ ሰው 0.02 ሚሊሲቨርት ገደማ ይሰጣል፤ ይህም ሰው ከተፈጥሮ አካባቢው በሦስት ቀን ገደማ ከሚያገኘው ጋር ይመጣጠናል። የተለመደ የደረት ሲቲ ስካን ግን ከዚህ ከመቶ እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ሕፃናት ሕዋሶቻቸው በብዛት የሚከፋፈሉ ከመሆናቸውም በላይ፣ ጉዳቱ እስኪገለጥ የሚጠብቅ ረጅም ዕድሜ ከፊታቸው አለ። በ2008 የሕፃናትን የጨረር መጠን ለመቀነስ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ። በ2012 በብሪታንያ 180,000 ገደማ በልጅነታቸውና በወጣትነታቸው ሲቲ ስካን የተነሡ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ሲታተም፣ የደምና የአንጎል ካንሰር አደጋ ከጨረሩ መጠን ጋር እንደሚጨምር አሳየ። አደጋው ለአንድ ልጅ እጅግ ትንሽ ነው፤ አስፈላጊ ምርመራንም አያስቀርም። ዕድገትን ለመከታተል ብቻ በየዓመቱ ሲቲ ስካን ማንሣት ግን በዚህ ምክንያት ተገቢ ሆኖ አልተገኘም።

ያለ ጨረር ማየት

ኤም.አር.አይ. ጨረር ባይኖረውም፣ ሳንባ አየር የሞላበትና ውኃ ያነሰበት በመሆኑ በተለመደው ዘዴ በደንብ አይታይም። በ1994 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን የማግኔት ኃይሉ እንዲጎላ የተደረገ ዜኖን ጋዝ በአይጥ ሳንባ ውስጥ አስገብቶ ማንሣቱን ሲያሳውቅ አዲስ በር ተከፈተ፤ ሂሊየም 3 የተባለው ጋዝም በተመሳሳይ ዘዴ ለሰው ዋለ። ጋዙ ሲተነፈስ በከረጢቱ ውስጥ ይዋልላል፤ ከረጢቱ ጠባብ ከሆነ የጋዙ እንቅስቃሴ በግድግዳው ይገታል፣ ሰፊ ከሆነ ርቆ ይሄዳል። ስለዚህ የእንቅስቃሴው ርቀት ሲለካ የከረጢቱ ስፋት ይታወቃል።

በእንግሊዝ አገር ሌስተር የሚገኙ ተመራማሪዎች ይህንን ዘዴ ከ7 እስከ 21 ዓመት ባሉ 109 ጤናማ ልጆችና ወጣቶች ላይ ተጠቅመው ውጤቱን በ2012 አወጡ። ሳንባው የሚያድገው የነበሩት ከረጢቶች በመስፋታቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የትልልቆቹ ልጆች ከረጢቶች ከትንንሾቹ በግልጽ ሰፍተው መገኘት ነበረባቸው። የተገኘው ግን ስፋታቸው እምብዛም እንዳልተለወጠ ነው። ሳንባው እየተለቀ ከረጢቶቹ ካልሰፉ፣ ቁጥራቸው ጨምሯል ማለት ነው። በሬሳ ምርመራ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያልተቋጨው ክርክር፣ ጤናማ ልጆች በሰላም ተነሥተው ወደ ቤታቸው በተመለሱበት ጥናት ወደ መልሱ ተቃረበ። ይኸው ቡድን በ2013 ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆችን ከ10 እስከ 14 ዓመት ዕድሜያቸው ሲመረምር፣ የከረጢቶቻቸው ስፋት በጊዜያቸው ከተወለዱት እንዳልተለየ አገኘ። የዕድገት መስኮቱ ቀድሞ እንደታሰበው በሁለት ዓመት የሚዘጋ አለመሆኑን የሚያመለክት ተስፋ ሰጪ ግኝት ነው። በዚያው በ2012 የወጣ ሌላ ዘገባም በ33 ዓመቷ አንዱ ሳንባዋ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት፣ ከ15 ዓመታት በኋላ በቀረው ሳንባ ላይ አዲስ ዕድገት መታየቱን ገልጿል።

ሂሊየም 3 ከኒውክሌር መሣሪያ ክምችት ተረፈ ምርት የሚገኝ ውድና ጥቂት ጋዝ በመሆኑ፣ አቅርቦቱ ሲያጥር ተመራማሪዎች ወደ ዜኖን ዞሩ። በታኅሣሥ 2022 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን የዜኖን ምስል 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው እንዲውል ፈቀደ። መሣሪያው ግን በጥቂት ሀብታም አገሮች ማዕከላት ብቻ የሚገኝ ነው።

ከኢትዮጵያ አንጻር

ለአብዛኛው የኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ የሕፃን ሳንባ መመልከቻ ዛሬም ያው የደረት ራጅ ነው። ከታሪኩ የሚወሰደው ትምህርትም በዚሁ ፊልም ላይ የሚውል ነው።

የመጀመሪያው የታይመስ ትምህርት ነው። ሰፊ ጥላ ያለበት የጨቅላ ፊልም ለበሽታ ማስረጃ ከመሆኑ በፊት፣ ሕፃኑ አየር ስቦ ነበርን? ተኝቶ ነው ወይስ ተቀምጦ? ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ ነበርን? የሚሉት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። የጨቅላ ልብም ከደረት ስፋት ግማሽ በልጦ መታየቱ ብቻውን ሕመም አይደለም። በአንጻሩ በምግብ እጥረት ክፉኛ በተጎዳ ሕፃን ላይ የታይመስ ጥላ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ያንን እንደ ጤናማ የሚቆጥር ዓይን የ19ኛውን ምዕተ ዓመት ስሕተት መልሶ ይሠራል።

ሁለተኛው የማነጻጸሪያው ጥያቄ ነው። የፊልም መለኪያዎቹ የተወሰዱት በባሕር ጠለል አቅራቢያ ከሚኖሩ የአውሮፓ ልጆችና 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ዴንቨር ነው፤ አዲስ አበባ ከዚህ በብዙ ትበልጣለች። በ1969 ሃሪሰንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙት የደባርቅ ነዋሪዎች፣ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ካሉት የአዲ አርቃይ ነዋሪዎች የሰፋ ደረትና የበለጠ የሳንባ አቅም እንዳላቸው ታይቷል። ያ ጥናት በምስል የተደረገ አይደለም፤ ነገር ግን የባዕድ አገር ልጅ መለኪያ ለደጋ ልጅ ልክ ላይሆን እንደሚችል በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሦስተኛው የተከታታይ ፊልም ጥቅም ነው። የሳንባ ምች በኢትዮጵያ ከሕፃናት ሞት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። የሂብ ክትባት በ2007፣ የኒሞኮከስ ክትባት ደግሞ በ2011 በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብር መሰጠት ከጀመሩ ወዲህ ብዙዎች ከሞት ተርፈዋል። የተረፈው ልጅ ሳንባ ግን ዳግም በትክክል ማደጉን የሚጠይቅ ያስፈልጋል። በሳንባ ነቀርሳ ያበጡ ንፍፊቶች ብሮንካይን ተጭነው አንዱን የሳንባ ክፍል ሲያኮስሱም እንዲሁ ነው። ሕመሙ ካለፈ ከወራት በኋላም ልጁ እያለከለከ፣ እየሳለ ወይም ክብደት ሳይጨምር ከቀረ፣ ሁለተኛው ፊልም ከመጀመሪያው ጎን ተደርጎ ሊነበብ ይገባል። ስዋየርና ጄምስም ሆኑ ኖርዝዌይ ያዩት በዚህ ዓይነት ንጽጽር የሚገኘውን ነው።

ማጠቃለያ

ከሮንትገን ግኝት እስከ ዜኖን ጋዝ ድረስ ያለው ታሪክ የሚያሳየው፣ መሣሪያው በረቀቀ ቁጥር ስሕተት በራሱ እንደማይቀንስ ነው። ስሕተት የቀነሰው ጤናማው ዕድገት በትዕግሥት በተጠና ጊዜ ነው።

በማንኛውም ጤና ተቋም፣ አንዳች አዲስ መሣሪያ ሳይገዛ፣ አራት ነገሮችን ማድረግ ይቻላል። በእያንዳንዱ የሕፃን ፊልም ላይ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ዕድሜውን በወር፣ ቁመቱንና ክብደቱን መመዝገብ፤ ፊልሙ የተነሣው አየር ተስቦ መሆኑንና የሕፃኑን አቀማመጥ መጻፍ፤ አዲስ ፊልም ከማዘዝ በፊት የቀድሞውን መፈለግ፤ ፊልሙ በወላጅ እጅ በሚቀርበት ቦታም፣ ከውኃና ከፀሐይ ጠብቀው እንዲያቆዩትና ልጁ በታመመ ቁጥር ይዘውት እንዲመጡ ለእናትና ለአባት በቅጡ ማስረዳት። በቤት ውስጥ ተጠብቆ የቆየ አንድ አሮጌ ፊልም አዲስ ጨረር ሳያስፈልግ የልጁን የሳንባ ዕድገት ታሪክ ሊናገር ይችላል። ያ ፊልም ከጠፋ ግን ልጁ በሦስት ዓመቱ የነበረው ሳንባ ዳግም ሊነሣ አይችልም።